ተሰፍቶ የተሰጠኝ አማና

ሰው አላምንም። ይህንን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ዳቦ ስገዛ ገልብጬ ከሥሩ አያለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ በየት በኩል ሊያዞረኝ እንዳሰበ እኔ ቀድሜ አስቤ እጠብቀዋለሁ። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ ጨርቋን ስታቀብለኝ እዚያው ፊቷ ለክቼ፣ ነገ አንሷል እንዳትለኝ በራሷ አፍ ሜትሩን አስጠራታለሁ። በዚህ ጠባዬ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደቻቱ ድልድይ ማዶ መጋላ ባለችው የስፌት ሱቄ፣ ሃያ ዓመት ከማንም ጋር ሳልካሰስ ኖሬያለሁ። ሰፈሩ ግን ይቺ ሴትዮ ጥላዋንም ታስፈትሻለች ይለኛል። ይበል አቦ።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ እሺ ብላ በሳምንቱ ቅዳሜ ዱባይ የበረረችው ይህችው ሴት ናት።

ነገሩ የተጀመረው በመብራት ነው። አራት ቀን ሙሉ መብራት አልነበረም። የስፌት መኪናዬ የኤሌክትሪክ ነው፤ በእግር የምትረገጠዋን ከሸጥኳት ቆይቻለሁ፣ እሷን በመሸጤም እስከዛሬ ራሴን እረግማለሁ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ካርቶን እያራገብኩ፣ የማልሰፋውን ጨርቅ እያየሁ ተቀምጬ ነበር። ያኔ ነው ጎረቤቴ ነጋዴዋ መጥታ አጠገቤ የተቀመጠችው። ከዱባይ ድሪያ የምንለውን ስስ ሰፊ ቀሚስና ሻሽ፣ ሽቶና ጫማ እያመጣች ከኔ ቀጥሎ ባለው ሱቅ ትሸጣለች። ሃያ ጊዜ ተመላልሳለች። ሁልጊዜ አብራት የምትሄደው ሴት ጉልበቷን አሟት ቀርታለችና ነይ አብረን እንሂድ፣ ጨርቁን በገዛ ዓይንሽ ትመርጫለሽ አለችኝ።

ለምን እኔን አልኳት። ይህ ሁሉ ሰው እያለ ለምን እኔን? የሻንጣሽን ኪሎ ፈልጌ ነው አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። አንቺ ብዙ ዕቃ አትገዢም፣ ትርፉን ኪሎ እኔ እጭንበታለሁ። እንዲህ ፍርጥ አድርጋ ስትናገር ተናደድኩ፤ እኔ ፈልፍዬ የማገኘው ነገር አላስተረፈችልኝም። ደግሞ ከዚህ የባሰ የምትደብቀው ነገር ባይኖራት ይህንን በዚህ ፍጥነት አታምንም ነበር ብዬ አሰብኩ። ካርቶኔን ማራገብ ስቀጥል ጥላው ሥር ወደተቀመጡት የሰፈሩ ሴቶች ዞራ «ተዉአት፣ እሷ አውሮፕላኑን ገልብጣ ከሥሩ ካላየች አትሳፈርም» አለች። ሳቁብኝ። ሻይ የምትሸጠው ሳትቀር ሳቀች። እሄዳለሁ አልኩ። በእልህ ነው የሄድኩት፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ፓስፖርት ነበረኝ። ያወጣሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ የምሄድበት ኖሮኝ ሳይሆን አንድ ቀን መስጠት ያቆማሉ ብዬ ጠርጥሬ። ቪዛው በሁለት ቀን ወጣ። ይህም አጠራጠረኝ፤ የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ሦስት ሳምንት በተመላለስኩባት ዓለም የሰው አገር በሁለት ቀን ነይ ግቢ ሲለኝ ደስ አላለኝም።

እኛ ሰፈር አንድ ሰው ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ ቤቱ በአማና ይሞላል። አማና አደራ ማለት ነው። ለልጅ፣ ለእህት፣ ለባል የሚላክ ነገር በጨርቅ ይጠቀለላል፣ አፉ በመርፌ ይሰፋል፣ ላዩ ላይ የተቀባዩ ስም በእስክሪብቶ ይጻፋል። ተሸካሚው ምን አለበት ብሎ አይጠይቅም። የሰው አማና የፈታ ሰው መጋላ ውስጥ አለቀለት፤ ሰርግም ሲጠራ ለቅሶም ሲደርስ ያ ነገር ይነሳበታል። እኔ ደግሞ ከዓመታት ጀምሮ አቋሜን አሳውቄያለሁ፤ ያላየሁትን ነገር አልሸከምም። ዱባይ ጫት ይዞ የተገኘ ሰው ወህኒ እንደሚወርድ ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በበርበሬና በሻይ ቅጠል ተመሳስሎ በሰው አማና ውስጥ ይላካል። ከመንገዱ ማዶ ያለች አንዲት ልጅ ምንም ሳታውቅ ተሸክማ ሄዳ ስንት ወር ታስራ እንደመጣች ሰምተናል። ስለዚህ እኔ ጋ አማና ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ከኢዶ በቀር።

ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ነው። ከሱቄ ጀርባ የምትኖር፣ ስልሳ ያለፋት ባልቴት ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። እሷ እያልኩ ስጽፍ እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬ ላይ አንቱ የምንለው የተጣላነውን ሰው ነው። ዓርብ ከምሳ በኋላ በነጭ አቡጀዲ የተሰፋ፣ የሕፃን ትራስ የሚያህል ጥቅል ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

የኢዶን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የመጨረሻ ሴት ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት ሳትነግራት፣ ምርቃቷን ሳትቀበል ዱባይ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ልጅቷ ስትደውል ኢዶ ስልኩን ለሰው ትሰጣለች። ያን ቀን ኢዶ እንደነገረችኝ ልጅቷ እዚያው ልታገባ ነው፣ ኒካው፣ የጋብቻ ቃል ኪዳኑ፣ የሚመጣው ዓርብ ነው። በእህቶቿ በኩል እናቴ ምን ትላለች ብላ አስጠይቃለች።

«የምለውን እዚህ ውስጥ ብያታለሁ» አለችኝ ኢዶ። «በእጇ ስጪልኝ። ከእጅሽ ወደ እጇ።»

ምን አለበት አልኳት፣ ደንቡን ጥሼ። ልብስና ጣፋጭ ሃልዋ ነው አለች፤ ሌላውን እሷ ታውቀዋለች። ሌላውን! ደግሞስ ሃያ ጊዜ የተመላለሰችው ነጋዴ እዚያው በር ላይ ቆማ፣ ከድሬ ወዲያ ማዶ አይታ ለማታውቅ ለኔ የሚሰጠው ለምንድነው? እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። የኢዶን ዓይን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። ተቀበልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ግን ጥቅሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ድሬ ኤርፖርት ደረስን። አዲስ አበባ ጭጋግ ነው ተባለና ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። እኔ ጭጋጉን አላመንኩም። የድሬ ፀሐይ አናታችንን እየቀቀለው እዚያ ጭጋግ ነው ሲሉኝ ሌላ የደበቁት ነገር አለ ብዬ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ ሁሉም ጭጋግ ነው አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡ ይባስ ጠረጠርኩ። ነጋዴዋ ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ የእጅ ቦርሳዋን አቅፋ ዝም ብላለች። ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አንዴ ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ ወደ ውስጥ አየችና፣ እያየኋት መሆኑን ስታውቅ ዘጋችው። አንድ ነገር አለ አልኩ በሆዴ።

ነበረም። ቦሌ ስንደርስ የዱባዩ አውሮፕላን ሊሄድ ትንሽ ነው የቀረው። እየሮጥን ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ደረስን። የኔን ፓስፖርት አይተው ሻንጣዬን ተቀበሉ። የሷን ሲገልጡት ግን ገጹ ተሸብሽቧል፣ ፎቶው ያለበት ፕላስቲክ ተላጦ ተነስቷል። ሠራተኛዋ አገላበጠችው፣ አለቃዋን ጠራች፣ አለቃዋ በጥፍሩ ነካ አደረገውና በዚህ መሄድ አይቻልም አለ። ለካ ሐሙስ ዕለት ሻይ ፈሶበት ነው። ቆርቆሮ ላይ አስጥታ አድርቃው፣ ያልፍልኛል ብላ፣ ለኔም ሳትነግረኝ ይዛው መጥታለች።

ሻይ! ሃያ ጊዜ የተመላለሰች ሴት፣ በሄደች ቁጥር ፓስፖርቷን በሦስት ፌስታል የምትጠቀልል ሴት፣ ልክ እኔን ይዛ በምትሄድበት ሳምንት ሻይ ፈሰሰባት! እሷ እያለቀሰች ሂጂ አንቺ፣ የምታገኚውን ሰው በስልክ አዘጋጅልሻለሁ ትለኛለች። እኔ ዕንባዋን ሳይሆን እጄ ላይ ያለውን ጥቅል ነው የማየው። ሁለቱ ሴቶች ጫት ሊያሸክሙኝ ተማክረዋል አልኩ። ጥቅሉ ለኔ የተሰጠው ለዚህ ነው፣ እሷ የቀረችው ለዚህ ነው፣ ኪሎሽን ፈልጌ ነው ያለችውም ለዚህ ነው። ነገሩ ሁሉ ገጥሞ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ታየኝ። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም። ፍተሻውን አለፍኩና ቀጥታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

መርፌ ከነክሩ ሁልጊዜ ኮሌታዬ ሥር ተሰክቶ አለ፤ የሙያ ልማድ ነው። ፈታሾቹም አላገኙብኝም፣ እነሱንም ታዘብኳቸው። ቦርሳዬን ከፍቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጥቅሉን ከላዩ። የኢዶ ስፌት በድርብ ወፍራም ክር የተሠራ ነው፣ አንዱ እርምጃ ሰፊ አንዱ ጠባብ፤ ስፌት ሳይሆን የዶሮ ዱካ ነው። በመርፌዬ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታሁት። የሰው አማና መፍታቴ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አልቆምኩም።

ቢጫ ድሪያ ወጣ። ሻሽ ወጣ። በቆርቆሮ ሃልዋ ወጣ። በመጨረሻ አፉ በክር የታሰረ ነጭ ከረጢት። ቋጠሮውን በጥርሴ ሳላላው ብን ብሎ በቀሚሴና በተከፈተው ቦርሳዬ ላይ ተነሰነሰ። አረንጓዴ ዱቄት።

ቀሲል መሰለኝ። ቀሲል ከቁርቁራ ቅጠል የሚፈጭ የፊት መታጠቢያ ነው፤ የኛ አገር ሴት ሁሉ በሱ ነው ያደገችው፣ እኔም ሰርጌ ዕለት በሱ ታጥቤያለሁ። አሸተትኩት፣ ቀሲል ቀሲል ይላል። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከተነሳ በአፍንጫ አይመለስም። ጫት ደርቆ ሲፈጭም መልኩ ይኸው ነው። ቀሲል ውስጥ ቀላቅሎ ከመላክ የተሻለ መደበቂያ የት ይገኛል? የዱባይ ፈታሽ የሁለቱን ልዩነት ያውቃል? ስሜን በድምጽ ማጉያ ሲጠሩት ሰማሁ፤ አውሮፕላኑ ሊዘጋ ነው። ከረጢቱን ገለበጥኩና ዱቄቱን ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሁት። ባዶ ከረጢቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ውሃ ለቀቅኩበት።

አረፋ ሆነ።

ቀሲል ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ጫት አረፋ አያወጣም። ይህን ድሬ የተወለደ ሕፃን ያውቃል። ነጭ አረፋ ተነሳ፣ ሞላ፣ ጠርዙን አልፎ ወደ ጫማዬ ወረደ። ደግሜ ውሃ ብለቅበት ጨመረ። ንጹሕ ቀሲል፣ አንድ ቅጠል ሌላ ነገር የሌለበት፣ እናት በገዛ እጇ የወቀጠችው። አንድ ጠብታ ውሃ መዳፌ ላይ አድርጌ ባሸው እኮ ይበቃኝ ነበር! አንድ ጠብታ! የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን እየደበደበች ማነው እዚህ ልብስ የሚያጥበው ትላለች። በአረፋ ውስጥ ወጥቼ ሮጥኩ። እንዲህ ያለ እፍረት ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም።

አውሮፕላኑ ውስጥ የቀረውን ጠቅልዬ እንደገና ሰፋሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ምን እየሰፋሽ ነው ቢለኝ የራሴን ጉድ አልኩት፤ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። እየሰፋሁ ለራሴ ነገር እቀምርለታለሁ። ማን ያውቃል፣ ግማሹ ጫት ቢሆንስ? አረፋ ያወጣው ግማሹ ቢሆንስ? ሞኝ አይደለሁም፣ ይህ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። ቤቴ እስክመለስ ድረስ ዝም እላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ልብሱንና ሃልዋውን እሰጣታለሁ። ኢዶ ሌላውን እሷ ታውቀዋለች ብላለች፤ ልጅቷ ላታውቀውም ትችላለች።

ዱባይ ሻንጣዬ አልመጣም። የሚዞረው ነገር ላይ የሰው ሁሉ ሻንጣ ሲያልፍ ቆሜ ተመለከትኩ፤ አንድ ጥቁር ሻንጣ ሦስት ጊዜ ሲዞር ባለቤቱን ፍለጋ ነው ወይስ እኔን ለማጥመድ ብዬ ራቅኩት። ዘግይተሽ ስለገባሽ ኋላ ይመጣል አሉኝ። ስለዚህ በሕይወቴ የመጀመሪያው የሰው አገር ላይ የወጣሁት በእጄ ቦርሳና በዚያ ጥቅል ብቻ ነው። አንዱም ፈታሽ ጥቅሉን ዞር ብሎ አላየውም።

በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ በስሜ ጠራችኝ። የኢዶ ልጅ ነኝ፣ ጎረቤትሽ ደውላ ነግራኝ ነው አለች። ኢዶን አትመስልም። አላመንኳትም። የበራችሁ ቀለም ምንድነው አልኳት። ስሄድ ሰማያዊ ነበር፣ አሁን አላውቅም አለች። ግቢያችሁ ውስጥ ምን ዛፍ አለ? «ቁርቁራ» ስትል ድምጿ ተሰበረ። አብሬያት ሄድኩ። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር የምትኖርበት ክፍል ወስዳ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። የፀጉር ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሙሽራውም አንድ ዝምተኛ የጅጅጋ ልጅ ነው። ጥቅሉን ተቀበለችኝ፣ ግን አልፈታችውም። ጠዋት ብቻዬን ስሆን ነው የምፈታው አለች።

ጠዋት ሌሎቹ ሥራ ሲሄዱ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኔን ውጪ አላለችኝም። ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እናቴ እንዲህ አትሰፋም» አለች።

ሃያ ዓመት የተመሰገንኩበት ስፌት እዚያች ክፍል ውስጥ አጋለጠኝ። እሷ ግን አልጠረጠረችኝም፤ ለሰው ሰጥታ አሰፍታው ይሆናል ብላ ፈታችው። ድሪያውን አወጣች፣ ሻሹን አወጣች፣ ሃልዋውን አወጣች። ጨርቁን አራገፈች። ድሪያውን ዘርግታ በውስጡ እጇን ሰደደች። የሻሹን እጥፍ ሁሉ ገለጠች። ከዚያ ሁሉንም መልሳ አጣጥፋ ከፊቷ አስቀመጠችው።

ቀሲሉን አልላከችልኝም አለች፣ ረጋ ብላ። ለሦስቱም እህቶቿ እናታቸው ለኒካቸው ከግቢያቸው ቁርቁራ ቅጠል ለቅማ፣ አድርቃ፣ በገዛ እጇ ወቅጣ ቀሲል ሰጥታለች። ብትምረኝ ትልክልኝ ነበር አለች። ልብሱ ለሰው ዓይን ነው፤ የሙሽራ እናት ምንም አልላከችም እንዳይባል ነው።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ይህንን እስከዛሬ አስበዋለሁ። ዝም ብል እሷ አልቅሳ ታገባለች፣ ኢዶም ልጄ መልስ አልሰጠችኝም ብላ ታኮርፋለች፣ እኔም በክብሬ እኖራለሁ። ግን ልጅቷ አላለቀሰችም። ሃልዋውን ከፍታ ብዪ ብላ አቀረበችልኝ። ቆርቆሮውን መለስኩላት።

ልካልሻለች አልኳት። እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ጫት መስሎኝ ደፋሁት። የመጸዳጃ ቤቱን፣ አረፋውን፣ የሠራተኛዋን መደብደብ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ስለ እናቴ ብለሽ አትዋሺ አለችኝ። አላመነችኝም! እናቷን ለመሸፈን የፈጠርኩት መሰላት። እናቴ እኮ ጫት የያዘ ሰው ግቢዋን አያልፍም፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ ማንም ሰው የእናቴን አማና ጫት አለበት ብሎ አይፈታም አለች። ስፌቱን እዪ፣ የኔ ነው አልኳት። አሰፍታሽ ይሆናላ አለች። ማልኩላት። ሰው ሲያዝንልሽ ለደግ ነገር ብሎ በውሸትም ይምላል አለች።

እኔን! ውሸት አልናገርም ብዬ ደንበኛ ያጣሁትን ሴት! ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ ቆሞ ማስረጃ እንዲያቀርብልኝ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ተራው የኔ ሲሆን እጄ ባዶ ነው። ያኔ ነው ቦርሳዬ ትዝ ያለኝ። ጉልበቴ ላይ ተከፍቶ ነበር።

ሳህን አምጪ አልኳት። በቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። ገበሩን በመርፌዬ ፈታሁት፤ እኔው የሰፋሁት ገበር ነው፣ እጥፉ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ውጭ ገልብጬ ሳህኑ ላይ መታ መታ አደረግኩት። ከእጥፉ፣ ከማዕዘኑ፣ ከዚፑ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ወረደ። ከትንሽዬ ማንኪያ አይበልጥም፤ ከአቧራና ከክር ብጣሽ ጋር። ልጅቷ ቆንጥራ መዳፏ ላይ አደረገችው። ከብርጭቆው አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አደረገችበትና በጣቷ አሸችው።

አረፋ አወጣ። አሸተተችው። የግቢያችን ነው አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ነው ያለቀሰችው፣ መዳፏን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ አረፋው በጉንጯ እየወረደ። ስልኳን አንስታ ደወለች። ኢዶ ስልኩን ለሰው ትስጥ አትስጥ አላየሁም፤ ልጅቷ ግን «ሆዮ» ስትል ሰማሁ። እናቴ ማለት ነው። ሌላውን አልሰማሁም፣ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፣ ማንንም ሳልጠረጥር።

ዓርብ በዚያችው በቀረችው ቀሲል ፊቷን ታጠበች። አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የሚበቃው ብለው ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ አሳስታ አሳስታ ለሁለቱም አደረሰችው። የቢጫውን ድሪያ ወገብ እኔ ነኝ ያጠበብኩላት። ሻንጣዬም በሦስተኛው ቀን መጣ። ጨርቅ ገዛሁ፣ ትርፉን ኪሎ በጎረቤቴ ዕቃ ሞላሁላት፣ ተመለስኩ። ድሬ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ።

ጎረቤቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን አድርገሽኝ አለች፤ ያሰብኩባትን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ለሰፈሩም ሁሉ አወራችው። ኢዶ ግን ምንም አላለችኝም። ልጇ ሁሉንም እንደነገረቻት አውቃለሁ፤ አሁን በየቀኑ ይደዋወላሉ፣ ድምጿ ከግንቡ ወዲህ ይሰማኛል። ታልፋለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ ትሄዳለች። አንድ ሳምንት ሙሉ። ዝምታዋን አላመንኩትም። መቼ ይሆን ሰው ፊት የምታዋርደኝ እያልኩ ስጠብቅ፣ ሰውነቴ አለቀ።

በስምንተኛው ቀን ነጭ አቡጀዲ ይዛ መጣች። ነጋዴዋ አዲስ ፓስፖርት አውጥታ ልትሄድ ነው። ኢዶ ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ውስጡ በከረጢት የተሞላ ቀሲል ነው፣ የከረጢቱ አፍ አልታሰረም። ዳር ዳሩን አልሰፋችውም፣ ለኔ ትታዋለች።

ጨርቁን ከመንካቴ በፊት ጠየቅኳት፤ ያን ቀን ነጋዴዋ ቆማ እያለች ለምን ለኔ ሰጠሽኝ?

«አንቺ ማንንም አታምኚም» አለች። «ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ ነው።»

መርፌዬን ከኮሌታዬ አወጣሁ። ክሩን ደረብኩ፣ እንደ እሷ፤ አንዱን እርምጃ ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ አድርጌ መስፋት ጀመርኩ። ልጅቷ ስትቀበለው የእናቷ እጅ እንዲመስላት ብዬ ነው፣ ከአክብሮት። ኢዶ ጎንበስ ብላ አየችውና እጄን መታ አደረገችኝ።

«በራስሽ እጅ ስፊው» አለችኝ። «ልጄ ማን እንደዘጋው ትወቅ።»

ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ።